የተዘለለችው መስመር

በሰፈሩ የተቀደደ ልብስ ሁሉ እሷ ዘንድ ይሄዳል። ሰዎች «እሜቴ መርፌ» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ከኋላዋ። ስሙ የወጣላት ለሥራዋ ነው የሚሉ አሉ፤ ለምላሷ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሱሪ እንድታሳጥር የሰጣት ሰው ስፌቱ የት እንደነበር እስኪጠፋው ድረስ አሳምራ ትመልስለታለች፤ ከመመለሷ በፊት ግን «ይህን ሆድ ይዘህ ይህን ሱሪ ግዛ ያለህ ማነው?» ማለቷ አይቀርም።

የምትሠራው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ ሥር በእግር የምትመታው የስፌት መኪናዋ፣ ከጎኑ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በየቀለማቸው የተደረደሩ ክሮች አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ባለው ጠባብ ደረጃ ወጥታ ትተኛለች። ላይኛው ክፍል ሁለት አልጋ አለው፤ አንደኛው ላይ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም አልተኛበትም።

እናትና አባቷ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ታናሽ እህቷ ስምንት። ዘመዶች ተሰብስበው ትንሿን ማን ይውሰዳት እያሉ ሲመካከሩ ትልቋ ተነስታ «እኔ አለሁላት» አለች። ቃሏንም ጠበቀች። ቀን የሰው ልብስ ትሰፋለች፣ ሲመሽ የእህቷን የቤት ሥራ ታያለች፤ ራሷ ትምህርቷን አቋርጣ ነበርና ሒሳቡን ከእህቷ እኩል እየተማረች። «ሚጢጢ» ትላታለች። ሚጢጢ በቁመት በልጣት እንኳ ስሙ አልተለወጠም። ሚጢጢም በበኩሏ «እታለም» ትላታለች። ሚጢጢ ነርስ ሆና የተቀጠረች ቀን እታለም የመጀመሪያውን ነጭ ጋውን በእጇ ሰፍታ አለበሰቻት። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ በአንሶላ ተጠቅልሎ ሌላ ነጭ ጨርቅ ይጠብቅ ነበር። ለሚጢጢ የሠርግ ቀሚስ ተብሎ የተቀመጠ ነው።

ሚጢጢ ሥራ እንዲቀርበኝ ብላ ሆስፒታሉ አጠገብ ክፍል ከተከራየች ጥቂት ወራት ሆኗት ነበር፤ አንድ ሐሙስ ቀን የማታውቃት ደንበኛ ረጅም ቀሚስ ይዛ መጣች። ለቅዳሜ ይድረስልኝ፣ ሠርግ አለብኝ አለቻት። እሜቴ መርፌ እግሯ ሥር በርከክ ብላ ጠርዙን በስፒል እየያዘች፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ የማን ሠርግ እንደሆነ ጠየቀች። ሴትየዋም ሙሽራዋ አብራት የምትሠራ ነርስ እንደሆነች፣ ሙሽራው አውቶቡስ ነጂ እንደሆነ፣ ድግሱም ትንሽ እንደሆነ ነገረቻት። ቀጥላ የሙሽራዋን ስም ጠራች፤ የሚጢጢ ስም ነበር።

«ምስኪን፣ በእሷ በኩል የሚቆምላት አንድ ዘመድ እንኳ የለም አሉ» ብላ ጨመረች።

ስፒሏ ጣቷ ላይ ተሰካች። ደሙ ጨርቁን እንዳይነካ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። ቀሚሱን ግን በሰዓቱ ጨርሳ ሰጠች፤ ስፌቱም እንከን አልነበረበትም። በማግስቱ ከቁም ሳጥኑ ነጩን ጨርቅ አውጥታ መጀመሪያ ለመጣች ሙሽራ ሰጠችው።

ከሠርጉ በኋላ በሰኞው ሙሽሮቹ መጡ። በመስኮቱ መንገዱን ሲሻገሩ አየቻቸውና መዝጊያውን አወረደች። ከዓመት በኋላ ሚጢጢ ብቻዋን ተመለሰች። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ከውጭ «እታለም፣ እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እታለም መኪናዋን በእግሯ መምታት ጀመረች፤ ድምፁን ላለመስማት ባዶ ጨርቅ ላይ ወዲያና ወዲህ ሰፋች። ከውጭ ያለው ድምፅ ሲያቆም እሷም አቆመች።

ሚጢጢን ባሳደገችበት እጅ ከዚያ ወዲያ ቂሟን አሳደገች። ጠዋት መኪናው ሲጀምር በልቧ ውስጥ ያለው ንግግርም ይጀምራል። «እኔ ላንቺ ብዬ...» ብሎ ይነሳና እስከ ምሳ ሰዓት ይዘልቃል። በየዓመቱ እንደ ልብስ እየፈታች አስተካክላዋለች፤ እዚህ ጋ አጥብባ፣ እዚያ ጋ ጨምራ። በንግግሩ መጨረሻ ሚጢጢ ሁልጊዜ ታለቅሳለች። አንዳንድ ቀን ንግግሩ በጣም ስለሚያምር ራሷም ታለቅሳለች። አንድ ጊዜ በዚህ ተመስጣ የአንድ ጠበቃ ሱሪ ሁለት እግሮችን እርስ በእርስ ሰፋቻቸው። ጠበቃው «እሜቴ፣ እንድዘል ነው ሐሳብዎ?» ሲላት እዚያ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ደንበኞቿ ቀስ በቀስ ሳሱ። የሚመጡትም ሰጥተዋት ቶሎ መውጣት ያዙ። ሆዷ ምግብ አልቀበል አለ፤ እንቅልፏም ተቆራረጠ።

ከሁሉ የባሰው ግን ጸሎቷ ነበር። በየእሑዱ ጸሎት ቤት ትሄዳለች፤ ሰው ሁሉ ተነስቶ በአንድ ድምፅ በሚጸልይበት ሰዓት እሷም አብራ ትላለች። እኛ የበደሉንን ይቅር እንደምንል አንተም ይቅር በለን የምትለዋ መስመር ላይ ስትደርስ ግን ዝም ትላለች። በመጀመሪያው ዓመት አውቃ ነበር። ፈጣሪን ከምዋሸው ብዘለው ይሻላል አለች፤ እንዲያውም ሐቀኝነት መሰላት። በኋላ ግን ከንፈሯ መንገዱን እንደለመደ ፈረስ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። በዚያች ክፍተት ሌላውም ጸሎት ሾልኮ መውጣት ጀመረ። ለታመሙ ስትጸልይ እህቷ ታማሚዎቹ መሃል ነጭ ለብሳ ትቆምባታለች፤ ስለዚህ ለታመሙ መጸለይ ተወች። ስላለፈው ዘመን አመሰግናለሁ ስትል ባለፈው ዘመን ሁሉ ሚጢጢ አለች፤ ማመስገኑንም ተወች። ጸሎቷ በፈላ ውሃ እንደታጠበ ሱፍ ተኮማትሮ፣ መጨረሻ ላይ «ጠብቀኝ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ቀረች።

በዚያ ሁሉ ዓመት ደስ ብሏት የምትሠራው ሥራ አንድ ነበር። በጸሎት ቤት አጠገቧ የሚቀመጡ ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ። ከአምስት ዓመት በፊት ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ ይዘው መጥተው ለጎረቤታቸው ልጅ ቀሚስ እንድትሰፋላቸው ጠየቁ። አንድ ዓመቷ ነው፣ ስታድግም የሚሆናት አድርጊው አሏት። እሷም ታችኛውን ጠርዝ በደንብ አጠፈችው፤ ጎንና ጎኑንም አተረፈችለት። ከዚያ በኋላ መምህርት በዓመት በዓመቱ ቀሚሱን ያመጡታል፤ እሷም ጠርዙን ትፈታና ታስረዝመዋለች፣ ጎኑን ትለቃለች። በሁለተኛው ዓመት፣ ማንም ሳያዛት፣ በውስጥ በኩል ትንሽ ኪስ ሰፋችለት። ልጅ የሚደብቀው ነገር አያጣም ብላ ነው። አይታት የማታውቃትን ልጅ ወደደቻት። መምህርት ስለ ልጅቷ ሲያወሩ እሜቴ መርፌ መኪናዋን አቁማ ትሰማለች።

በሰባተኛው ዓመት አንድ ጠዋት እንደ ልማዷ ክር በጥርሷ ስትበጥስ የኋላ ጥርሷ ለሁለት ተሰነጠቀ።

የጥርስ ሐኪሙ መላጣና ዝግ ያለ ሰው ነበር። አፏን በመሣሪያ ሞልቶ ማውራት ይወዳል፤ በስንት ዓመት ውስጥ ሰው ተናግሯት እሷ ሳትመልስ የቀረችበት የመጀመሪያው ቀን ይኸው ነው።

«ጥርስዎን የሰበረው ክሩ አይደለም» አላት። «ክሩማ ምን አቅም አለው። ሁሉም ጥርስዎ ጫፍ ጫፉ አልቋል፤ ተኝተው ያፋጩታል። ማንን ነው የሚነክሱት?»

እሷ ጣሪያውን አየች።

«ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ» አለ ሐኪሙ፣ እጁን ሳያቋርጥ። «በሰው ተናዶ ጥርሱን የጨረሰ በሽተኛ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። የተናደዱበት ሰው ግን በእነሱ ንዴት ጥርሴ ተሰበረ ብሎ አንድ ቀንም መጥቶልኝ አያውቅም።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ ለሐኪሙ የሚሆን መልስ ልታሰናዳ ሞከረች፤ ምላሷ ግን የተሞላውን ጥርስ እየነካካ አላሠራት አለ።

የዚያን እሑድ እንደወትሮው ከመምህርት ጎን ቆመች። መስመሯ ስትደርስ ልትላት አሰበች። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። መምህርት ግን፣ ዓይናቸውን ከፊታቸው ሳይነቅሉ፣ መስመሯን ከሌላው ከፍ አድርገው አሏት፤ ለሁለት ሰው የሚሉ ይመስል ነበር።

ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲወጣ እሜቴ መርፌ ወሬ ለመለወጥ ያህል ስለ ቀሚሱ አነሳች። መምህርት ባለፈው ሳምንት አምጥተውት ሱቋ ውስጥ ተሰቅሏል። «ልጅቷን ያምጡልኝና ልለካት፤ ስድስት ዓመት ሲሞላ ትከሻ በግምት አይሆንም» አለች።

መምህርት ተነስተው ከነበሩበት መልሰው ተቀመጡ።

«ማምጣቱን አልችልም ልጄ። እናቷ ደጅሽን ፈርታ ነው በእኔ የምትልከው።»

«ምን ያስፈራታል? እኔ ሰው አልበላ።»

«እሱን እሷ ታውቃለች። ሁለት ጊዜ መጥታ ሁለቴም ዘግተሽባታል።»

እሜቴ መርፌ ነገሩ የገባት ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ ደንበኞቿን በልቧ ቆጠረች፤ በማን ላይ ዘጋሁ ብላ። ከዚያ ሚጢጢ ትዝ አለቻትና ተቀመጠች።

«አምስት ዓመት ዋሹኝ» አለች።

«የጎረቤቴ ልጅ አልኩሽ፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። አንድ ቀን እናቷ ማናት ብትዪኝ እነግርሽ ነበር።» መምህርት እጃቸውን እጇ ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ሲያስል የሚያዘው ራሱ ሌባው ነው እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ አጠገብሽ ተቀምጬ ስታስዪ እሰማሻለሁ።»

እጇን ነጥቃ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትል ወጣች።

ሱቋ ገብታ በሩን ቆለፈች። ሰማያዊው ቀሚስ ከሚስማሩ ላይ አያት። አውርዳ ገለበጠችውና ትንሿን መቀስ አነሳች፤ የመጀመሪያ ሐሳቧ ኪሱን ቆርጦ መጣል ነበር። እኔ ሳላውቅ ሰፋሁት፣ አውቄ ልፍታው ብላ። ኪሱ ውስጥ እጇን ስትከት ጥቂት የአሸዋ ፍሬ፣ የእርሳስ ስባሪና አንድ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ አገኘች። መቀሱን አስቀመጠች። ከዚያ ለሥራው ያህል የታችኛውን ጠርዝ ፈታችው። ጨርቁ ሲዘረጋ፣ የየዓመቱ እጥፋት የነበረባቸው ቦታዎች ፈዘዝ ያሉ መስመሮች ሆነው አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረዋል። ጣቷን ዘርግታ ለካቻቸው። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ሁለት ጣት ነው። ከሦስተኛው እስከ አራተኛው ግን አራት ጣት ሙሉ፤ ልጅቷ ድንገት የተመዘዘችበት ዓመት።

ያን ዓመት እኔ ምን እሠራ ነበር ብላ አሰበች። የጠበቃውን ሱሪ እግር ከእግር የሰፋችበት ዓመት ነው። እዚያኛው መስመር ላይ ልጅቷ ሙሉ ቃል መናገር ጀምራለች፤ እሷ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ «እኔ ላንቺ ብዬ» ትል ነበር። በሩን ስትዘጋ እህቷን የቀጣች መስሏት ነበር። ሚጢጢ ባል አላት፣ ልጅ አላት፣ ጎረቤት አላት፤ በተዘጋው ቤት ውስጥ የቀረችው ማን ናት? ቀሚሱን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። የዚህ ጊዜው ለቅሶ ንግግር አልነበረውም።

ሲወጣላት በመኪናውና በመተኮሻው ጠረጴዛ መሃል ተንበረከከች።

«ጌታዬ፣ ይቅር ብያታለሁ ብዬ አልዋሽህም። ንዴቱ እንዳለ ነው። ግን ደከመኝ። አንተ ያዝልኝ» አለች።

ከዚያ ያቺን መስመር ማንበብ እንደሚለማመድ ልጅ ቃል በቃል አለቻት። መሃል ላይ ተያዘችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። አንድ ነገር ይሰማኝ ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ የተለየ ነገር አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ግን እንደራባት አወቀች። እንዲህ አድርጎ ርቧት አያውቅም። ዳቦ ቆረሰችና መሬት ላይ እንደተቀመጠች በግራ ጥርሷ በላች።

ሰኞን ከትከሻው በቀር ቀሚሱን ስትጨርስ ዋለች። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ በሩ ላይ «ዛሬ የለሁም» የሚል ወረቀት ለጠፈች። በሥራ ቀን ዘግታ ስለማታውቅ ሰፈርተኛው ሰው ሞቶባት ነው ብሎ ተጨነቀ። መጀመሪያ ቀሚሱን ይዛ መምህርት ቤት ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች፤ እሳቸውም ቀጥሎ ያለውን በር በአገጫቸው አሳዩዋት እንጂ አልተከተሏትም።

በሩን የከፈተው ባልየው ነው። እጅጌውን ጠቅልሎ ዕቃ እያጠበ ነበርና እጁ አረፋ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በልቧ እህቷን የሰረቀ ሽፍታ አድርጋ ስታቆመው ኖራለች፤ አሁን ጆሮው ሰፋ ያለ፣ እርጥብ ኩባያ የያዘ፣ የደነገጠ ሰው ፊቷ ቆሟል።

«እትዬ» አለ። ከበሩም ገለል አለላት።

ልጅቷ ከኋላው ብቅ ብላ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ኪሱን የሠራሽው አክስቴ አንቺ ነሽ?» አለች። እሜቴ መርፌ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ትከሻዋን ለካቻት። ልጅቷም ለረጅም ጊዜ የምታውቃት ይመስል እጇን ዘርግታ ቆመችላት።

ሚጢጢ ከሥራ ስትመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ቦርሳዋን በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቀጥ አለች። ባልየው ልጅቷን ይዞ ወደ መምህርት ቤት ሄደ። እህትማማቾቹ ጠረጴዛ መሃላቸው አድርገው ተቀመጡ። ሰባት ዓመት የተሰፋው ንግግር አሁን መነገሪያው ደረሰ። ከዚያ ሁሉ የወጣው ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

«ለምን ከሰው አፍ እንድሰማው አደረግሽኝ?»

«ልነግርሽ ጀምሬ ነበር» አለች ሚጢጢ። «ስለ እሱ መጀመሪያ ያነሳሁልሽ ቀን ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?»

አታስታውስም።

«‹አውቶቡስ ነጂ? ሬሳዬን ተራምደሽ ነው የምታገቢው› አልሽኝ። ክር እየነከስሽ፣ ቀና ብለሽ እንኳ ሳታዪኝ። እኔ ደግሞ ሬሳሽን መራመድ አልቻልኩም። ዞሬ ሄድኩ።»

ያን ጊዜ ትዝ አላት። የአንድ ትምህርት ቤት ልብስ ሙሉ በሙሉ በአንድ ሳምንት ይድረስ የተባለበት ጊዜ ነበር፤ አርባ ኮት ፊቷ ተቆልሏል። እንዲህ ያለ ቃል ለደንበኞቿ በቀን አሥር ጊዜ ወርውራ ትረሳለች። ይህኛው ግን ሰው ላይ ወድቆ ኖሯል።

«ዘመድ የለኝም ያልሽውስ?» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«አላልኩም። እህቴ አትመጣም ነው ያልኩት። ሰው የቀረውን እንደመሰለው ሞላው።» ሚጢጢ ጠረጴዛውን በጣቷ ጠረገች። «ቢሆንም መንገር ነበረብኝ። ብትጮሂብኝም፣ ብታባርሪኝም። አሳድገሽኝ ሳለ በሰው አፍ አሰማሁሽ። ይቅር በይኝ እታለም።»

እታለም ይህን ቃል ሰባት ዓመት ስትጠብቀው ነበር። ሲመጣ እንደ ድል እቀበለዋለሁ ብላ ነበር፤ ሲመጣ ግን ያየችው የእህቷን እጅ ነው፣ በሆስፒታል ሳሙና የሻከረውን።

«እኔንም» አለች። ያን እጅም ያዘችው።

ነገሩ በአንድ ቀን አልተሻለም፤ እንዲህ ያለ ቁስል ጊዜ ይፈልጋል። አንዳንድ ጠዋት መኪናዋን ስትጀምር «እኔ ላንቺ ብዬ» የሚለው በራሱ ጊዜ ይነሳባታል። እሷም አድራሻ ተሳስቶ እንደመጣ ደንበኛ «እዚህ አይደለም» ብላ ታሳልፈዋለች፤ ሲከፋባት መኪናውን አቁማ ትጸልያለች። ከባልየው ጋር መጫወት እስኪለምዱ ወራት ወሰደባቸው፤ እሱ ይሉኝታ፣ እሷ ኀፍረት ይዟቸው። ምላሷም ቢሆን ጨርሶ ዶለዶመ አይባልም። ደንበኞቿ ግን ልብስ ሰጥተው ቶሎ መውጣቱን እየተዉ መጡ፤ ወንበር ስቦ የሚቀመጥም ተገኘ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እህቷ ቤት ተቀምጠው ሲጨዋወቱ፣ ሚጢጢ በሥራ ደክማ ነበርና፣ የጀመረችውን ወሬ ሳትጨርስ ራሷን እታለም ትከሻ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። እታለም አየቻት። ከጆሮዋ በላይ ሦስት ነጭ ፀጉር አብቅላለች። ስምንት ዓመቷ ሳለ ፀጉሯን የሠራችላት ልጅ ሸብታ አየቻት፤ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት፤ ሁለቱንም ዋጠቻቸው። ትከሻዋ ደነዘዘ፤ እግሯም ተኛ። ባልየው ሳህን ይዞ ብቅ ብሎ እራት ይቅረብ ወይ ብሎ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት፣ እታለም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እሱም በእግሩ ጣት እየረገጠ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እሷም ሳትነቃነቅ ተቀመጠች።